ከዚር እስከ ዚር

የመጀመሪያው ቪዲዮአችን ላይ ዶሮ አለች። እኔና ጓደኛዬ ከቤታችን ኋላ ቆመን እጃችንን እየዘረጋን ስንዘል፣ አንዲት ቀይ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ በመሐላችን ታልፋለች፤ እኛም እንዳንረግጣቸው አንድ እግራችንን አንስተን እንንገዳገዳለን። ስልኩን ያስደገፍነው ጀሪካን ላይ ስለነበር ምስሉ ወደ ግራ ዘሟል፤ ቤታችን ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ሠላሳ አንድ ጊዜ ታየ። አሥሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ያን ቀን መተማ ዮሐንስ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ደስ ያላት ልጅ የነበረች አይመስለኝም።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከደጋ ተመድባ ስትመጣ እኔ ገና ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። የጓደኛዬ እናት ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። ጓደኛዬ እግሯ ረጅም ነው፤ ምላሷም እንደዚያው።

እውነቱን ለመናገር ቪዲዮዎቹን የምንለቅበትን ገጽ የከፈትነው በንዴት ነው። በኛ ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሸሚዛቸውንና ደብተራቸውን እንጠብቃለን። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም፤ ስንደርስ እንዲሁ ሆኖ አገኘነው። አንድ ቀን ጓደኛዬ ብድግ አለች።

«እኔ የሸሚዝ ዘበኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ?»

ስድስት ሸሚዝ እጅጌ ለእጅጌ ቋጠረችና ዛፉ ላይ ወረወረችው። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ለማውረድ ሲንጠላጠሉ እኛ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞርነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በእናቴ ስልክ ገጹን ከፈትን። «የቆላ ልጆች ስፖርት» አልነው።

ሰፈራችን ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ቪዲዮ ለመጫን ወደ ድንበሩ ድልድይ እንወርድ ነበር። እዚያ ስልኩ አንዳንዴ የኛን፣ አንዳንዴ የሱዳንን መስመር ይይዛል። ኬላው ላይ የሚቆመው ፖሊስ ለመደንና «ዛሬስ የትኛው እግራችሁ ነው የሚዘለው?» ይለን ጀመር። ከቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ። በድርሰት ክፍለ ጊዜ ግማሽ ገጽ መሙላት የሚያቅተኝ ልጅ፣ «ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ጀርባችሁን ግን አታጉብጡ፤ ሱቅ ሄዳችሁ የታችኛውን መደርደሪያ እንደምታዩት» ብዬ ስጽፍና ሰዎች «ገባን!» ብለው ሲመልሱልኝ፣ ለካ መጻፍ ማለት ይሄ ነው አልኩ። ለሚሰማ ሰው መናገር።

ከዚያ የትምህርት ቤታችን ልጆች መምጣት ጀመሩ። የስፖርት መምህራችን ነገሩን ሲያይ፣ «ሜዳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ተኩል የእናንተ ነው» አለን። በመጀመሪያው ቀን አራት ነበርን። በወሩ መጨረሻ ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት ሴት ልጆች፣ ግማሹ በሻርፕ፣ ግማሹ በወንድማቸው ቱታ፣ ፀሐይ ሳትከር ሜዳው ላይ! ከኒሙ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስህተቱ የመጣው በላብ በኩል ነው።

በኛ አገር ላብ ለማውጣት ስፖርት አያስፈልግም፤ ቆሞ ማሰብም ይበቃል። በስልክ የምናያቸው የውጭ አገር ልጆች አንድ ሰዓት ዘልለው ግንባራቸው ላይ ሁለት ጠብታ ሲታይ ይጨባበጣሉ። እኛ በአምስት ደቂቃ ሸሚዛችን ይጨመቃል። ስለዚህ የበለጥናቸው መሰለን። እኔም «ላባችሁ ሲንጠባጠብ ድክመታችሁም አብሮ ይወጣል» ብዬ ጻፍኩ፤ በጣም ተወደደልኝ። መወደዱ ነው ያጠፋኝ። ሌላ የሚወደድ ነገር ስፈልግ፣ አንዲት ሴት ወገቧን በላስቲክ ጠቅልላ ስትዘል የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘሁ። ላስቲኩ ላቡን እጥፍ ያደርገዋል፣ እስኪያልቅ ውሃ መጠጣት ክልክል ነው ትላለች።

ላስቲክ በኛ ከተማ ሞልቷል። ሰሊጥ መጋዘኑ በር ላይ ከሚጣለው የጆንያ ልባስ ደህና ደህናውን መርጠን አጠብን። መጋቢት ነበር። ቅዳሜ ብርሃኑ ያምራል ብዬ ቀረጻውን በአራት ሰዓት አደረግኩት፤ በአራት ሰዓት! የመተማን መጋቢት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ራሱን ይይዛል። በዚያ ሰዓት ውሻም ከጥላ አይወጣም።

ሰባት ሆነን ወገባችንን በላስቲኩ ጠቅልለን ጀመርን። ጓደኛዬ ከፊት ናት፣ እኔ ስልኩን ይዣለሁ። ትንሽ እንደሄድን ዞር ብላ፣

«አንቺ፣ ሙቀቱ ቆመ እንዴ? እየበረደኝ ነው» አለችኝ።

«አየሽ! እየሠራ ነው» አልኳት።

እንዲህ ማለቴን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ጥቂት ዘለለች፣ ከዚያ ጉልበቷ ታጠፈና ቁጭ አለች፣ ከዚያ በጎኗ ተጋደመች። ከመካከላችን ትንሿ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ጩኸቱን ያቀለጠችው እሷ ናት። ላስቲኩን ቀድደን፣ ተሸክመን፣ ባጃጅ አስቁመን ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተረኛዋ ነርስ ማን ሆነች? እናቴ።

እናቴ አልጮኸችም። ጓደኛዬን አስተኛቻት፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቷና ብብቷ ሥር አደረገች፣ ጉሉኮስ ተከለችላት፣ አራገበችላት። ጓደኛዬ ዓይኗን ገልጣ «ቪዲዮው ተቀረጸ?» ስትል ነው እናቴ ወደ እኔ የዞረችው።

«ውሃ አትጠጡ ያለው ማነው?»

«ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ።»

«አምጪው እስቲ።»

ስልኩን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አየችውና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። «ከሴትዮዋ ጀርባ፣ መስኮቱ ላይ፣ ያ ነጩ ምንድን ነው?»

አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መስኮቱን ግን አላየሁትም። በረዶ ነው። ጣራው፣ ዛፉ፣ አጥሩ፣ ሁሉም በረዶ።

«አይ ልጄ» አለች እናቴ። «በረዶ ላይ ያለችውን ሰምተሽ መተማ ላይ ላስቲክ ትጠቀልያለሽ?»

ብትቆጣኝ ይሻል ነበር የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጓደኛዬ በማግሥቱ ድና ቤቷ ገባች። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሰኞ የወላጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የስፖርት መምህራችን ከስብሰባው ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከሁሉም በላይ የተቆጡት ሐጂ ናቸው፤ ጉምሩክ መንገድ ላይ የታወቀ ሱቅ ያላቸው፣ የዚያች የጮኸችው ትንሽ ልጅ አያት። «ልጆቻችን ስልክ ተከትለው ይሙቱ ወይ?» ብለዋል። ሜዳው ይዘጋ፣ ገጹም ይጥፋ ተብሎ ሊወሰን ሲል መምህራችን ለምኖ እስከ ዓርብ ጊዜ አገኘልን። ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ኮሚቴው ሜዳ ላይ ይመጣል፤ አንዲትም ልጅ እንደማትወድቅ ካሳየናቸው ሜዳው ይቀጥላል። ካላሳየን፣ ሐጂ እንዳሉት፣ ኸላስ፤ አለቀ።

ሃያ ሁለቱም ልጆች እኔን እኔን ያያሉ። ወደ ዛፉ ሥር የምንመለሰው በእኔ ምክንያት ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ጭራሽ ተከልክላለች፤ እናቷ «ሜዳ ብትረግጪ እግርሽን ሰብሬ ሻይ አስቀዳሻለሁ» ብላታለች።

ማክሰኞ እናቴን ለመንኳት። ያንን የላስቲክ ቪዲዮ በዝምታ ማጥፋት አልፈለግኩም፤ ሌሎች ልጆች አይተውት ይሆናል። ስህተቴን ራሴ ልናገር፣ አንቺ ደግሞ ትክክሉን ንገሪልኝ አልኳት። እናቴ ሰው አዋልዳ፣ ቁስል ሰፍታ የማትፈራ ሴት፣ ስልክ ፊት ስትቆም ግራ ገባት። «ጋዎኔን ልልበስ ወይስ ልተወው? ፀጉሬስ?» ትላለች። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በአራተኛው ስልኩን ረሳችውና ታማሚ እንደምታናግር ሆና ተናገረች፦ ጥም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ላባችሁም ቀጥ ካለ ወዲያው አቁማችሁ ጥላ ግቡ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ እንዳላያችሁ። እኔም ከጎኗ ቆሜ «ጓደኛዬ በረደኝ ስትለኝ ‹እየሠራ ነው› ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ድልድዩ ጋ ሄጄ ጫንኩት።

ግን ምክር ብቻውን ውሃ አይሆንም። ትምህርት ቤቱ ቧንቧ አለው፤ ውሃ የለውም። በላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መምጣት ሞክረናል፤ ሜዳው ዳር ትንሽ ከቆየ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚጎድለው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይህንኑ እያሰብኩ በጉምሩክ መንገድ እሄዳለሁ። ከፊት ለፊቴ ጫኝና አውራጆች ከመኪና ሰሊጥ ያወርዳሉ። አንደኛው ጆንያውን አራገፈና ወደ ሱቁ በረንዳ ሄደ፤ የዚሩን ክዳን አነሳ፣ በጣሳ ጨለፈ፣ ጠጣ፣ የቀረውን አናቱ ላይ አፈሰሰና ተመለሰ። ማንንም አላስፈቀደም። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ዚር የሱዳን የሸክላ ጋን ነው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ነጋዴዎቹ ሱቃቸው ፊት ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ያለፈ ያገደመ ይጠጣበታል። ሸክላው ስለሚያልበው ውሃው ይቀዘቅዛል። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ እንደ በረዶው መስኮት አላየሁትም ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ በር ተመለስኩና መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት... እስከ ጉምሩኩ በር ሰባት ዚር። ከአንዱ ወደ ሌላው በሶምሶማ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰባተኛው የሐጂ ነው።

«ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ!» አሉኝ ሐጂ ከሱቁ ውስጥ፣ ጀላቢያቸውን ሰብስበው እየተነሱ። «ስኳር ፈልገሽ ነው ወይስ ዚሬን ልትገዢው?»

«እየቆጠርኩ ነው ሐጂ።»

«አንድ ነው። ምን ያስቆጥርሻል?» ቀረብ ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ አንቺ ያቺ የስልኳ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«የልጅ ልጄ እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ ላስቲክ ስታይ ትሸሻለች። ዳቦ ከነፌስታሉ ብሰጣት አልያዝም አለች።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታሽን ዓርብ አየዋለሁ።»

ያለኝን ድፍረት ሁሉ አሰባሰብኩ። «ሐጂ፣ ስንሮጥ ከዚርዎ ብንጠጣ ይፈቅዱልናል?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውሃ ይፈቀዳል እንዴ? አባቴ እዚህ ሲያስቀምጠው ግመል ነጂው፣ ስደተኛው፣ ሰካራሙም ሳይቀር ሳይጠይቅ ይጠጣ ነበር። አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትጠይቂኝ? እየሰደብሽኝ ነው!»

«እሺ፣ አልጠየቅኩም።»

«አልጠየቅሽም።» ተቀመጡ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «ግን ቶሎ አትደሰቺ። ሱቅ ሲዘጋ ጣሳው ወደ ውስጥ ይገባል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ሱቅ የለ፣ ጣሳ የለ። በእጃችሁ ልትጨልፉ ነው? የሰው እጅ ዚር ውስጥ ሲገባ ካየሁ በዱላ ነው የምሸኛችሁ።»

ሐሙስ ለልጆቹ ሁሉ ነገርኩ፦ ነገ ከሜዳው ወጥተን ከዚር እስከ ዚር እንሮጣለን፤ እያንዳንዷ የራሷን ጣሳ በገመድ ወገቧ ላይ አስራ ትምጣ። የሚጨልፈው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፣ ረጅም እጀታ ባለው ጭልፋ፤ ይህን ያለችው እናቴ ናት። ጭልፋውን የያዘችው ልጅ ሁልጊዜ ከፊት ናት፤ ማንም አይቀድማትም። «ስለዚህ በጣም ዝግተኛዋን እንምረጥ» አለች አንዷ። ሁላችንም ወደ ሐጂ የልጅ ልጅ ዞርን። ትንሿ ጭልፋውን እንደ ጦር ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

ዓርብ ጠዋት ሃያ ሁለት ሆነን ተሰለፍን። ኮሚቴው በሁለት ባጃጅ መጣ፤ ከሐጂ በቀር፤ እሳቸው «ሱቄ በር ላይ ሆኜ አያለሁ» ብለው ቀርተዋል። ጓደኛዬ አጥሩ ጋ ከእናቷ ጎን ቆማለች፤ እናቷ ክንዷን እንደ ሌባ ይዛታለች። እናቷም ኮሚቴ ስለሆነች ልጇን ይዛ አንዱ ባጃጅ ውስጥ ገባች። መምህራችን ፊሽካ ነፋ።

ሃያ ሁለት ጣሳ በአንድ ጊዜ ሲንኳኳ መንገዱ ሁሉ ነቃ። ለመኪና የሚሰለፉት ጫኝና አውራጆች ብድግ ብድግ አሉ።

«እናንተ፣ ጣሳ ልትሸጡ ነው?»

«ኧረ ወጥ ቤቱ ሸሽቶ ነው!»

«አለቃቸውን እዩዋት፣ ጭልፋዋ እሷን ትበልጣለች!»

ትንሿ ዞራ እንኳ አላየቻቸውም። አንደኛው ዚር፤ ክዳን ተነሳ፣ ጨለፈች፣ ቀዳችልን፣ ጠጣን፣ ክዳን ተመለሰ፣ ሄድን። ያደረ የዚር ውሃ በንጋት ምን ያህል እንደሚጥም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ባጃጆቹ እየተንፈቀፈቁ ይከተሉናል። በልቤ ሆነልን፣ ሆነልን እላለሁ።

አራተኛው ዚር ባዶ ነበር።

ባለሱቁ ጎንደር ሄዷል፤ የሞላው የለም። ትንሿ ጭልፋውን ታች ድረስ ሰደደችው፤ ሸክላው ቋ አለ። ሃያ ሁለታችን ዚሩን ከበን ቆምን። ከኋላዬ «አናስታውቅ፣ ዝም ብለን እንሩጥ፣ ቀጣዩ ቅርብ ነው» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እውነትም ቅርብ ነው። ኮሚቴውም እያየ ነው። ሜዳችን በዚህች ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔም መሮጥ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም።

«በእርምጃ» አልኩ። «እስከሚቀጥለው ዚር በእርምጃ።»

ጣሳዎቹ ዝም አሉ። ጫኝና አውራጆቹ «አለቀላቸው!» ብለው አፏጩ። የጓደኛዬ እናት ከባጃጁ አንገቷን አውጥታ፣

«ይኸው! ደከሙ! አላልኳችሁም?» አለች።

«አልደከምንም እትዬ!» አልኳት እየተራመድኩ። «ዚሩ ደረቅ ነው። ውሃ ካላገኘን አንሮጥም፤ ደንባችን ነው።» ደንቡን ያወጣሁት ያኔውኑ ነበር።

አንገቷን ወደ ባጃጁ መለሰች። አምስተኛው ሙሉ ነበር፤ ጠጣንና እንደገና ሶምሶማ። ሰባተኛው ስንደርስ ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዚሩ እስከ አፉ ሞልቷል፤ በረንዳው ገና እርጥብ ነው፤ ራሳቸው በንጋት ሞልተውታል። የልጅ ልጃቸው ጭልፋዋን አስገብታ ለሃያ አንዳችን ቀዳች፣ በመጨረሻ ለራሷ፣ ከዚያ አስባ አንድ ጣሳ ለአያቷ። ሐጂ ጠጡ። ኮሚቴዎቹ ከባጃጅ እየወረዱ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ።

«አራተኛው ላይ ለምን ቆማችሁ?» አሉኝ ሐጂ። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከዚያ ሆነው አይተውናል።

«ባዶ ነበር።»

«ሰው እያያችሁ?»

«ሰው እያየን።»

ጣሳውን ለልጅቷ መለሱላት። «ሩጫማ ፍየልም ትሮጣለች። እኔ ማየት የፈለግኩት መቆም ታውቁ እንደሆነ ነበር።» ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «ሜዳው የነሱ ነው። አራተኛውን ዚር እሱ እስኪመለስ እኔ አስሞላለሁ። ኸላስ።»

ጩኸታችንን ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያሉ ሰዎች ሳይሰሙት አይቀሩም። በዚያ መሐል የጓደኛዬ እናት የልጇን ክንድ ለቀቀች።

«ምን ትገተሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

«ጣሳ የለኝም» አለች ጓደኛዬ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ቀጥኖ።

የሐጂ ሱቅ ጣሳ እስከዚያ ሰዓት ከነገመዱ ውስጥ ነበር። ሐጂ አወጡና ወረወሩላት። እሷም ወገቧ ላይ ቋጠረችው። ስንመለስ በየዚሩ ጠጣች፤ ትንሿ ጭልፋ ያዥ እንዳትቀደም ደግሞ ሁላችንንም እየገፋች ወደ ኋላ ታስቀረን ነበር። ሜዳው በር ላይ ስንደርስ ግን ደንቡ አለቀና ጓደኛዬ ተፈተለከች። ያን ሩጫ ቀርጬዋለሁ፤ ስልኩ ቀጥ ብሎ ነው የተያዘው፣ ምንም አልዘመመም።

የእናቴ ቪዲዮና የጣሳዎቹ ሩጫ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ታዩ። ኔትወርክ በሌለበት እርሻ ላይ ያሉ ሠራተኞች ሳይቀሩ ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉት ነበር አሉ። ከሸሕዲ ልጆች «እኛ አምስት ቆጥረናል» ብለው ጻፉልን። ከአብደራፊ አንዲት ልጅ ደግሞ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «እኛ ጋ ዚር አላገኘንም፤ ግን ለትራክተር ሠራተኞች የሚቀመጥ የውሃ በርሜል ጥላ ሥር አለ። ይሆናል?»

እናቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችው።

«ክዳን ካለው ይሆናል በያት» አለች። «ጭልፋውን ግን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ። ደግሞ ‹ብርድ ብርድ ያላት ወዲያው ትቀመጥ› ብለሽ ጨምሪ። ጨመርሽ?»

«ጨመርኩ እማዬ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት።